ንባብንና ሰዋስውን ስለ መከለስ

ሰዋስው በግዕዝ መሰላል ማለት ነው። በመሰላል የሚወጣ ሰው አንዱን ደረጃ ረግጦ ወደ ሌላው ያልፋል እንጂ ታችኛውን ትቶ በላይኛው ሊቆም አይችልም። የንባብ ትምህርትም እንደዚሁ ነው። ስለዚህ መምህሩ አዲስ ምዕራፍ ከመክፈቱ አስቀድሞ ያለፈውን ሊከልስ ይገባዋል።

መዠመሪያው ደረጃ ፊደል ነው። 33ቱ ፊደላት በየሰባት ድምፃቸው ሲቈጠሩ 231 ይሆናሉ። የሕፃን ጆሮ ግን ከዓይኑ ይቀድማልና ስንደዶውን በፊደሉ ላይ እያኖረ በቃሉ ይወርደዋል፤ ለሚሰማውም ያነበበ ይመስላል። የቀድሞ መምህራን ከሀሁ ቀጥለው አቡጊዳን ሲያስጠኑ ኖረዋል፤ በእርሱ ተራው ስለሚለወጥ ፊደል ያልለየ ልጅ ወዲያው ይታወቃል። መምህሩም በክለሳ ጊዜ ፊደሉን ከታች ወደ ላይ፤ ከዳር ወደ መካከል እያዘዋወረ ይጠይቅ።

ሁለተኛው ደረጃ ማጥበቅና ማላላት ነው። ያማርኛ ጽሕፈት የሚጠብቀውን ፊደል ከሚላላው አይለይም። «ገና» ሲላላ ጊዜው አለመድረሱን ይናገራል፤ ሲጠብቅ የልደት በዓል ነው። «ሰፊ» ሲላላ ልብስ የሚሰፋ ሰው ነው፤ ሲጠብቅ የጠባብ ተቃራኒ ነው። እንግዲህ ለንባብ ዓይን ብቻውን አይበቃም፤ ማስተዋል ሊከተለው ያስፈልጋል።

ሦስተኛው ደረጃ ባለቤትን፤ ተሳቢንና ግስን ለይቶ ማወቅ ነው። «ሽማግሌው ምስክሩን ይጠራል» ሲል ጠሪው ሽማግሌው ነው፤ «ምስክሩን» በሚለው ቃል መጨረሻ ያለችው «ን» ተሳቢውን አሳይታለችና «ይጠራል» ላልቶ ይነበባል። «ሽማግሌው ለምስክርነት ይጠራል» ሲል ግን ተሳቢ የለም፤ ሽማግሌው ራሱ ተጠሪ ነው፤ ስለዚህ «ጠ» እና «ራ» ጠብቀው ይነበባሉ። ሰዋስው የንባብ መሪ መሆኑ በዚህ ይታወቃል።

እንዲህ ያለው ስሕተት ከትምህርት ቤት ውጭ ጕዳት ያመጣል። ማንበብ የማይችል ሽማግሌ የመጥሪያ ወረቀት ደርሶት በልጅ ቢያስነብብ፤ ልጁም ጠሪውን ከተጠሪው ሳይለይ ቢያነብለት፤ ሽማግሌው ሌላውን ሰው ሲጠብቅ ከቤቱ ይውላል። በቀጠሮው ቀን ምስክር ያጣው ባለጉዳይም እውነት ይዞ ሳለ ፍርድ ይጐድልበታል።

ስለዚህ መምህሩ በየቀኑ ጥቂት ዐረፍተ ነገር በሰሌዳ ጽፎ ተማሮቹን በየተራ ያስነብብ። ልጁ በተሳሳተ ጊዜ ቃሉን ከአፉ ነጥቆ አይንገረው፤ አይቈጣውም፤ «ማን አደረገ? ማንን አደረገ?» ብሎ ይጠይቀው እንጂ። ልጁ መልሱን ከዐረፍተ ነገሩ ፈልጎ ካገኘ ንባቡን ራሱ ያቀናል። ከዚህ በኋላ መጽሐፉን ዘግቶ ያነበበውን በራሱ አነጋገር ይተርክ። ለመለማመጃም «ይመታል»፤ «ይበላል»፤ «ይረታል» የሚሉት ቃላት ይበቃሉ፤ «ይረታል» ሲላላ ያሸነፈውን፤ ሲጠብቅ የተሸነፈውን ያመለክታልና።

ማንበብ የሚያውቁ ሽማግሎችም ማታ በቤታቸው ልጁን አስነብበው ይህንኑ ይጠይቁት። በፍጥነት ያነበበውን ሳይሆን ያነበበውን ያስተዋለውን ልጅ ያመስግኑ።