የልጅ ተሰጥኦ፣ የልኬት ስሕተትና የወላጅ ድርሻ

የሕፃናት የአእምሮ ተሰጥኦ ብዙውን ጊዜ ለሥነ ልቦና ባለሙያዎች ብቻ የሚተው ርእስ ነው። ይሁን እንጂ «ልጃችሁ ከእኩዮቹ እጅግ የላቀ አእምሮ አለው» ተብሎ ለወላጅ በሚነገርበት ጊዜ ከንግግሩ ጀርባ አንድ ልኬት ይገኛል፤ ልኬት ባለበት ደግሞ ፊዚክስ የሚናገረው አያጣም። በጅግጅጋም ሆነ በሽንሌ፣ በኤረር፣ በአይሻና በደወሌ የሚኖር ወላጅ እንዲህ ያለ ዜና ሲሰማ ደስታና ሥጋት አብረው ይመጡበታል። ልጁን ክፍል እናዘልለው? ወደ ትልቅ ከተማ እንላከው? ለወንድሞቹና ለእኅቶቹስ ምን እንበላቸው? በዚህ ጽሑፍ ቁጥሩ ምን እንደሚልና ምን እንደማይል፣ ከዚያም ወላጅ በቤቱ ምን ሊያደርግ እንደሚችል ለመመልከት እንሞክራለን።

ቁጥሩ ምን ይላል?

ለዛሬዎቹ የአእምሮ ብቃት ፈተናዎች መሠረት የሆነው መለኪያ የተዘጋጀው እ.ኤ.አ. በ1905 በፓሪስ ሲሆን አዘጋጆቹም አልፍሬድ ቢኔና ቴዎዶር ሲሞን ነበሩ። ዓላማቸው ሊቃውንትን መልቀም ሳይሆን ልዩ ድጋፍ የሚያሻቸውን ተማሪዎች ለይቶ መርዳት ነበር። ዛሬ በሥራ ላይ ባሉት ዋና ዋና ፈተናዎች አማካዩ ውጤት 100፣ ስታንዳርድ ዴቪየሽን የሚባለው የውጤቶች መበታተን መጠን ደግሞ 15 እንዲሆን ተደርጎ ይሰላል። በዚህም መሠረት ከመቶ ልጆች 68ቱ ያህል በ85ና በ115 መካከል ይውላሉ። 130ና ከዚያ በላይ የሚያገኙት ከመቶ ሁለት ያህሉ ብቻ ናቸው፤ «ባለ ልዩ ተሰጥኦ» የሚለውም ስያሜ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ለእነዚህ ነው።

ማንኛውም የፊዚክስ ተማሪ በቤተ ሙከራ በቅድሚያ የሚማረው ግን ስሕተት የሌለበት ልኬት እንደሌለ ነው። ስሕተቱም ሁለት ዓይነት ነው። የመጀመሪያው ድንገተኛ ስሕተት ነው። 130 ያገኘ ልጅ በሌላ ቀን ቢፈተን 125 ወይም 134 ቢያገኝ ሊያስገርመን አይገባም። በተለይ በለጋ ዕድሜ ረሃብ፣ እንቅልፍ ማጣት ወይም የፈታኙ ባዕድነት ውጤቱን ሊያዛንፈው ይችላል።

ሁለተኛው ከመለኪያው ከራሱ የሚመነጭ ስሕተት ነው። በሌላ አገርና በሌላ ቋንቋ የተዘጋጀ ፈተና ተተርጉሞ ቢሰጥም የተወለደበትን አገር ይዞ ይመጣል። የአያት የቅድመ አያቶቹን ስም በአብቲርሲ ሳይሳሳት የሚዘረዝር፣ በዱግሲ ሎሕ ይዞ ረጃጅም ምዕራፎችን በቃሉ ያጠና፣ በአሸዋ ላይ በተሠመረ ሻሕ ታላላቆቹን የሚረታ ልጅ፣ አይቶት የማያውቀውን ዕቃ ስም ባለመናገሩ ነጥብ ሊያጣ ይችላል። በሶማሊኛ የተማረውም ልጅ በከፍተኛ ክፍሎች ወደ እንግሊዝኛ ሲሻገር ዝም ቢል፣ የቋንቋው ዝምታ እንደ አእምሮ ድካም ሊቆጠርበት አይገባም። ከትምህርት ቤት መልስ ውኃ ስትቀዳና ታናናሾቿን ስትጠብቅ የምትውል ልጃገረድ ተሰጥኦም፣ የሚመለከተው ሰው ካላገኘ፣ ጨርሶ ሳይለካ ሊቀር ይችላል።

ለዚህ የታሪክ ምስክር አለ። ሉዊስ ተርማን የተባለው አሜሪካዊ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1921 በካሊፎርኒያ ባለ ከፍተኛ ውጤት ልጆችን መርጦ ዕድሜ ልካቸውን የሚከታተል ጥናት ጀመረ፤ የተመረጡትም 1,500 ያህል ነበሩ። ተፈትነው ሳይመረጡ ከቀሩት መካከል ዊልያም ሾክሌይና ሉዊስ አልቫሬዝ ይገኙበታል። ሾክሌይ ከትራንዚስተር ጋር በተያያዘ ሥራው በ1956፣ አልቫሬዝ ደግሞ በቅንጣት ፊዚክስ ሥራው በ1968 የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። ስለዚህ ከፍ ያለ ውጤት ያመጣን ልጅ በቸልታ ማየት አይገባም፤ ያላመጣውንም በር መዝጋት እንዲሁ ነው።

ስያሜው ልጁን እንዳይተካው

ካሮል ድዌክና ክላውዲያ ሙለር እ.ኤ.አ. በ1998 ባሳተሙት ጥናት፣ አንድን ፈተና በሚገባ ከሠሩ ልጆች መካከል ከፊሎቹ በብልህነታቸው፣ ሌሎቹ ደግሞ በጥረታቸው ተመሰገኑ። በብልህነታቸው የተመሰገኑት ቀጥሎ ቀላሉን ሥራ ወደ መምረጥ አዘነበሉ፤ ከባድ ጥያቄ ገጥሟቸው ከወደቁም በኋላ ውጤታቸው አሽቆለቆለ። በጥረታቸው የተመሰገኑት ግን ከባዱን ደፈሩ። የዚህ ተፅዕኖ መጠን በኋለኞቹ ጥናቶች ቢያከራክርም ምክሩ ለወላጅ ጠቃሚ ነው። እንግዳ በመጣ ቁጥር «ይህ ሊቃችን ነው» እያሉ ልጁን ማቆም፣ መሳሳትን እንዲፈራ ያስተምረዋል። «ይህን መንገድ እንዴት አገኘኸው?» ብሎ መጠየቅ ግን ሥራውን ያከብራል። ስያሜው በወንድሞቹና በእኅቶቹ ፊት በተደጋገመ መጠን ደግሞ እነርሱ «እኛ አንችልም» ወደሚል መደምደሚያ ይገፋሉ።

ክፍል ማዘለልን በተመለከተ፣ ጁሊያን ስታንሊ እ.ኤ.አ. በ1971 በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ የጀመረው ጥናትና ተከታዮቹ እንዳሳዩት፣ በሚገባ የታሰበበት ማፋጠን በአብዛኛው ጉዳት አያስከትልም። ሆኖም ሁሉንም በአንድ ጊዜ ማዘለል ግዴታ አይደለም። በሒሳብ የላቀ ልጅ በሒሳብ ብቻ የበላይ ክፍል መጽሐፍ ሊሰጠውና በቀረው ከእኩዮቹ ጋር ሊማርና ሊጫወት ይችላል። ጨዋታም ለልጅ እንደ ምግብ ያስፈልገዋል።

በትር፣ ጥላና ጥያቄ

ባለ ተሰጥኦ ልጅ ከሁሉ በላይ የሚሻው የሚያስቸግረው ጥያቄ ነው። ይህ ደግሞ የግድ ገንዘብ አይጠይቅም። ጅግጅጋ በ9.35 ዲግሪ ሰሜን ኬክሮስ ላይ ስለምትገኝ ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ሚያዝያ 6 እና ነሐሴ 23 ገደማ፣ በእኩለ ቀን በቀጥታ ከራስ በላይ ትሆናለች። በእነዚህ ቀናት ከቀኑ 6 ሰዓት ከ9 ደቂቃ አካባቢ ቀጥ ብሎ የተተከለ በትር ጥላ አይኖረውም። በሁለቱ ቀናት መካከል የእኩለ ቀን ጥላ ወደ ደቡብ፣ በቀረው የዓመቱ ክፍል ወደ ሰሜን ይወድቃል። ልጁ ጥላውን እንዲመዘግብ እንጂ ፀሐይዋን በዓይኑ እንዳይመለከት ግን ማስጠንቀቅ ያስፈልጋል።

ምክንያቱን ቀድሞ መንገር አይገባም፤ ልጁ ይጠይቅ፣ ይገምት፣ ይሳሳት። ዘመድ በደወሌ ካለ ደግሞ ጨዋታው ይሰፋል። ደወሌ ከጅግጅጋ በስተሰሜን በቀጥታ መሥመር 185 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። ሚያዝያ 6 በጅግጅጋ ጥላ ሲጠፋ፣ በደወሌ የአንድ ሜትር በትር 3 ሳንቲ ሜትር ያህል ጥላ ወደ ሰሜን ይጥላል፤ ይህም 1.7 ዲግሪ ያህል ነው። ኤራቶስቴንስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በሦስተኛው መቶ ዓመት በግብፅ እንዳደረገው፣ ሁለቱ ዘመዳሞች በስልክ ተነጋግረው 360ን ለ1.7 ቢያካፍሉና በ185 ቢያባዙ 39,000 ኪሎ ሜትር ያህል ያገኛሉ፤ ትክክለኛው የምድር ዙሪያ 40,000 ገደማ ነው። የደወሌው ልጅ ጥላውን በግማሽ ሳንቲ ሜትር አስበልጦ ቢለካ ግን መልሱ ወደ 33,000 ይወርዳል። እዚህ ላይ ልጁ ከወላጁ ጋር ታላቁን ትምህርት ይማራል፤ ጎበዝም ይሳሳታል፣ የተሳሳተም ደግሞ ይለካል።

በመጨረሻም ለጅግጅጋ ሩቅ ያልሆነ አንድ ምሳሌ እንጥቀስ። እ.ኤ.አ. በ1950 በወሎንኮሚ የተወለዱት ፕሮፌሰር ገቢሳ እጄታ በልጅነታቸው ወደ ትምህርት ቤት 20 ኪሎ ሜትር በእግራቸው እየተጓዙ ሳምንቱን እዚያው ይሰነብቱ ነበር፤ ለትምህርታቸው ዋና ደጋፊ እናታቸው ነበሩ። በ1973 ከዛሬው ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ከቀድሞው አለማያ ተመረቁ። አቀንጭራ የተባለውን አረም የሚቋቋም ማሽላ በማበርከታቸውም በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን ተቀበሉ። እናታቸው የሰጧቸው ቁጥርም ስያሜም አልነበረም፤ የሰጧቸው መንገድ ነበር። የልጁ ውጤት የተጻፈበት ወረቀት ዛሬ በእጃችሁ ያለ ወላጆችም፣ ወረቀቱን አስቀምጣችሁ በትሩን ከልጃችሁ ጋር ትከሉ፤ ታላላቆቹንም ታናናሾቹንም ጥላውን እንዲለኩ ጥሯቸው።