ቆዳችንና የጣና ዳር ፀሐይ

ቁንዝላ በጣና ሐይቅ ዳርቻ፣ ከባሕር ወለል በላይ በ1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች። ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር አልትራቫዮሌት የተባለው የማይታይ የፀሐይ ጨረር ከመቶ 10 ያህል ይበረታል። ይሁን እንጂ የሐይቁ ነፋስ ፊትን ስለሚያቀዘቅዝ በታንኳ የሚውል ዓሣ አጥማጅ ጉዳቱን ቶሎ አያስተውልም፤ ስስ ደመናም ጨረሩን አያግድም።

«ጥቁር ቆዳ ፀሐይ አይጎዳውም» የሚባለው ግማሽ እውነት ነው። ለቆዳ ጥቁረት የሚሰጠው ሜላኒን ጨረሩን ይቀንሳል እንጂ ፈጽሞ አያስቀረውም። ከአልቢኒዝም ጋር የሚወለዱ ልጆች ደግሞ ይህ ከለላ የላቸውም፤ ጥበቃ ካጡ የቆዳ ካንሰር ገና በወጣትነታቸው ሊያገኛቸው ይችላል። እንዲህ ያለውን ልጅ በቀትር ከብት ማስጠበቅ አይገባም። (እንደ እርግማን ቈጥሮ ቤት ውስጥ መደበቅም ሌላ በደል ነው።)

ከረፋዱ 4 እስከ ቀኑ 10 ሰዓት ሰፊ ባርኔጣ፣ እጅጌው የረዘመ ጥቅጥቅ ያለ ልብስና ጃንጥላ ያስፈልጋሉ። ሳይሸፈን የሚቀረው ገላ መጠኑ 30 እና ከዚያ በላይ የሆነ የፀሐይ መከላከያ ቅባት በየሁለት ሰዓቱ ይቀባ። ቅቤና ቫዝሊን ቆዳን ያለሰልሳሉ እንጂ ጨረር አይመክቱም። ለሳምንታት ሳይሽር የቆየ ወይም የሚደማ ቁስል ከታየ ሳይውል ሳያድር ጤና ጣቢያ ይታይ።