ትምህርት 12፦ «የማን ልጅ ነህ?»

ሀ. ምንባብ

የሚከተለውን ምንባብ በመጀመሪያ በለሆሳስ፣ ቀጥሎም ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁ አንብቡ።

ፋሺስት ኢጣሊያ ኢትዮጵያን ወርራ በቈየችበት ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም.፣ ከኢጣሊያውያን አባቶችና ከኢትዮጵያውያት እናቶች ብዙ ልጆች ተወለዱ። እነዚህ ልጆች ክልስ ተባሉ። ወራሪው መንግሥት ሚያዝያ 11 ቀን 1929 ዓ.ም. ባወጣው ሕግ ዜጋው ከአገሬው ተወላጅ ጋር በባልና ሚስት ወግ እንዳይኖር ከለከለ። ግንቦት 5 ቀን 1932 ዓ.ም. ባወጣው ሕግ ደግሞ ኢጣሊያዊው አባት ክልሱን «ልጄ ነው» ብሎ እንዳይቀበል፣ የቤተ ሰቡንም ስም እንዳይሰጠው አገደ።

የኢትዮጵያ ሕግ ግን ከዚህ የተለየ ነበር። ሐምሌ 15 ቀን 1922 ዓ.ም. የወጣው የዜግነት ሕግ አባቱ ወይም እናቱ ኢትዮጵያዊ የሆነውን ሁሉ ኢትዮጵያዊ ያደርገው ነበር። በመንዝ፣ በግሼና በመርሐቤቴ የነበረው የርስት ሥርዓትም ከዚሁ ጋር ይስማማ ነበር። የ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ እስኪሽረው ድረስ ርስት ከአቅኚው አባት ጀምሮ በአባትም በእናትም ይቈጠር ነበር።

ይሁን እንጂ ሕግ የፈቀደውን ልብ ሁሉ አይቀበለውም። በሚያዝያ 1931 ዓ.ም. ወራሪው ጦር በሰሜን ሸዋ በዘረት ዋሻ የተጠለሉትን አርበኞችና ቤተ ሰቦቻቸውን በመርዝ ጋዝ ፈጅቷል። ወገኑ ያለቀበት ሰው የገዳዩን መልክ በጎረቤቱ ልጅ ፊት ላይ ሲያይ ቁስሉ ያመረቅዝበታል።

አሁን አንድ እረኛ ልጅ በሐሳባችን እናምጣ። አባቱ በጣርማ በር መንገድ ሲሠሩ ከነበሩት ኢጣሊያውያን አንዱ ነው፤ ልጁ ግን አይቶት አያውቅም። የሚጠራው በእናቱ አባት ስም ነው። በግ ሲጠብቅ እኩዮቹ «የማን ልጅ ነህ?» ይሉታል። ማታ ለአያቱ ይነግራቸዋል።

«ልጄ፣ ዘር በእናትም ይቈጠራል። ማሳዬን ስትወርስ ከልካይ የለህም» ይሉታል።

«አባባ፣ ማሳውንስ እወርሳለሁ፤ መልሱን ግን ማን ያወርሰኛል?»

ይህ ጥያቄ የእኛ አገር ብቻ አይደለም። ሕንድ እ.ኤ.አ. በ1947 ከእንግሊዝ አገዛዝ ነጻ ስትወጣ አንግሎ ኢንዲያን የሚባሉት ክልሶች አገራችን የትኛው ነው ብለው ተጨነቁ። ብዙዎች ወደ እንግሊዝና ወደ አውስትራሊያ ተሰደዱ፤ ሌሎች ቀሩ። እ.ኤ.አ. በ1950 የጸናው ሕገ መንግሥት ዘራቸውን በአውሮፓዊው አባት በኩል ቈጠረ፤ በምክር ቤትም እስከ 2020 የቈየ የሁለት ሰዎች ውክልና ሰጣቸው። ከርስት አቈጣጠር ጋር ስናነጻጽረው ልዩነቱ ግልጽ ነው።

ለ. የቃላት ምርጫ

ክልስ፦ ወላጆቹ ከሁለት የተለያዩ ዘሮች የሆኑ ሰው። ቃሉ ትውልድን ይገልጻል።
ዲቃላ፦ ያለ ሕጋዊ ጋብቻ የተወለደ። ቃሉ ለስድብም ይውላል። የሚነቅፈው የወላጆችን ግንኙነት ሲሆን፣ ስድቡ የሚያርፈው ግን ምንም ባላጠፋው ልጅ ላይ ነው። ስለዚህ ጸሐፊ ቃል ሲመርጥ ፍርድም እንደሚሰጥ አይዘንጋ።

ሐ. ሰዋስው፦ አድራጊና ተደራጊ ግሥ

1. ልጁ ከጨዋታ ተገለለ።
2. እኩዮቹ ልጁን ከጨዋታ አገለሉት።

በመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር ግሡ ተደራጊ ነው፤ ድርጊቱን የፈጸመው አልተገለጸም። በሁለተኛው ግሡ አድራጊ ነው፤ «እኩዮቹ» ባለቤት፣ «ልጁን» ተሳቢ ነው። ተደራጊ ግሥ ስሕተት አይደለም፤ ሆኖም አድራጊውን ሊሰውር ይችላል። በምንባቡ «ብዙ ልጆች ተወለዱ» የሚለውን አስተውሉ። በፈቃድ ይሁን በግድ፣ በፍቅር ይሁን በችግር፣ ግሡ አይናገርም። የእናቶቹ ታሪክ ከዚህ አንድ ቃል በስተጀርባ ተሸሽጓል።

መ. መልመጃ

1. ከምንባቡ ሦስት ተደራጊ ግሦች አውጥታችሁ ወደ አድራጊ ለውጡ። አድራጊው ሲገለጽ የሐሳቡ ክብደት እንዴት ይለወጣል?
2. የ1922ቱን የዜግነት ሕግና የ1932ቱን የወራሪ ሕግ በአንድ አንቀጽ አነጻጽሩ።
3. አያትዬው ለልጁ የመጨረሻ ጥያቄ የሚሰጡትን መልስ ከአንድ ገጽ ባልበለጠ ድርሰት ጻፉ። ልጁን ለማጽናናት ስትሉ የዘረትን ሐዘን አትርሱ፤ ሐዘኑንም ስታስታውሱ ዕዳውን በልጁ ላይ አትጫኑ።