ያረጀ ጉልበታም አውቶሞቢልና የነጋዴው ሒሳብ

ነጋዴ የሚገዛው ማናቸውም የሥራ ዕቃ ሁለት ዋጋ አለው። አንደኛው ለሻጩ በአንድ ቀን ተቈጥሮ የሚሰጠው ሲሆን፥ ሁለተኛው ዕቃው በእጅ እስካለ ድረስ በየጊዜው የሚከፈለው ነው። በአዲስ ዕቃ የመጀመሪያው ዋጋ ይከብዳል፤ በአሮጌ ዕቃ ግን ሁለተኛው ከዓመት ወደ ዓመት እየከበደ ይሄዳል። ይህ ደንብ በግልጽ ከሚታይባቸው ዕቃዎች አንዱ፥ በዘመኑ ፈጣንና ጉልበታም የነበረ፥ አሁን ግን ዕድሜው የገፋ የቤት አውቶሞቢል ነው።

እንዲህ ያለው አውቶሞቢል ሰውን የሚማርክበት ምክንያት አለው። ፔጆ 504 እ.ኤ.አ. በ1968 ለገበያ ወጥቶ፥ በ1975 በኬንያ የሚደረገውን አስቸጋሪውን የሳፋሪ ውድድር አሸንፏል። መርሴዲስ 280 ኢ የተባለውም ባለ 6 ሲሊንደር አውቶሞቢል እ.ኤ.አ. ከ1978 በኋላ በተሠራው ዓይነቱ 185 የፈረስ ጉልበት ነበረው። የእነዚህን ስምና ዝና የሰማ ገዥ፥ በአነስተኛ ዋጋ ትልቅ ጉልበት አገኘሁ ብሎ ይደሰታል። ሻጩም የሚያስረዳው ስለ ሞተሩ ብቻ ነው። ይሁን እንጂ ከደብረ ማርቆስ ተነሥቶ ወደ አዲስ አበባ የሚመላለስ ነጋዴ፥ ከሞተሩ ይልቅ አስቀድሞ ሊመረምራቸው የሚገቡ ሌሎች ክፍሎች አሉ።

1. ጉዳዩ ዛሬ ስለ ምን ያስፈልጋል

በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ዕድሜያቸው በገፋ ያገለገሉ ተሽከርካሪዎች ላይ እጅግ ከፍተኛ ታክስ ጣለ። ቀጥሎም በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በኤሌክትሪክ የማይሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ ሀገር እንዳይገቡ መወሰኑን አስታወቀ። ውሳኔው የሚመለከተው ወደ ሀገር የሚገባውን ነው እንጂ አስቀድሞ የገባውን ከመንዳት አይከለክልም። በዚያው ዓመት ሐምሌ 22 ቀን የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን በመደረጉ፥ 57 ብር ገደማ ይመነዘር የነበረው የአሜሪካ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ።

ከእነዚህ ነገሮች የሚገኘው ውጤት ግልጽ ነው። በሀገር ውስጥ ያለው አሮጌ አውቶሞቢል ለብዙ ዓመት እየተጠገነ መነዳቱ አይቀርም፤ የመለዋወጫው ዋጋ ግን ከምንዛሪው ጋር ከፍ ብሏል። ስለዚህ የአያያዙ ትምህርት ለገዥውም፥ ለመለዋወጫ አስመጪውም፥ ለባለ ሱቁም የሚጠቅም ሆኗል።

2. ደጋውና የዓባይ ሸለቆ

ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ብላ ትገኛለች። በዚህ ከፍታ አየሩ የሳሳ ስለሆነ፥ ቱርቦ የሌለው ሞተር በባሕር ዳርቻ ከሚሰጠው ጉልበት ከአምስት እጅ አንዱን እጅ ያህል ወይም ከዚያ በላይ ያጣል። 185 የፈረስ ጉልበት ያለው ሞተር አዲስ ሳለ እንኳ በደጋው ላይ የሚሰጠው ከ150 አይበልጥም፤ ሲያረጅ ደግሞ ከዚህም ያንሳል። እንግዲህ በወረቀት ላይ ለተጻፈው ጉልበት ሙሉ ዋጋ መክፈል፥ ደጋው አስቀድሞ የወሰደውን መግዛት ነው።

ሁለተኛው ፈተና በደጀንና በጎሐ ጽዮን መካከል ያለው የዓባይ ሸለቆ ነው። መንገዱ ከአንዱ አፋፍ እስከ ወንዙ ድረስ ከ1,300 ሜትር በላይ ወርዶ፥ የሕዳሴን ድልድይ ከተሻገረ በኋላ ያንኑ ያህል ይወጣል። ወደ ዋና ከተማው ሄዶ የሚመለስ አውቶሞቢል ይህንን ቁልቁለትና ዳገት ሁለት ሁለት ጊዜ ያልፈዋል።

ክብደቱ 1,500 ኪሎ ግራም የሆነ አውቶሞቢል 1,300 ሜትር ሲወርድ የሚለቀው ኀይል፥ ሁሉም ወደ ሙቀት ቢለወጥ 60 ሊትር ያህል ቀዝቃዛ ውሃ ለማፍላት ይበቃል። ነጂው በከባድ ማርሽ ቢወርድ ሞተሩ ከዚህ ሙቀት ብዙውን ይሸከማል። ነዳጅ ለመቈጠብ ብሎ ማርሽ ፈትቶ ቢወርድ ግን አብዛኛው ሙቀት በፍሬኑ ላይ ይወድቃል።

3. ከሞተሩ በፊት የሚመረመሩ ክፍሎች

ሀ. የፍሬን ዘይት። ይህ ዘይት ከአየር እርጥበት የመምጠጥ ጠባይ አለው። ዶት 4 የተባለው ዓይነት አዲስ ሲሆን ከ230 ዲግሪ በታች አይፈላም፤ እርጥበት ሲጠጣ ግን መፍያው እስከ 155 ዲግሪ ሊወርድ ይችላል። በዶት 3 ደግሞ ቁጥሩ ከ205 ወደ 140 ይወርዳል። በቁልቁለት ላይ ዘይቱ የፈላ እንደ ሆነ በቱቦው ውስጥ እንፋሎት ይፈጠራል፤ እንፋሎትም ስለሚጨመቅ ፔዳሉ ሲረገጥ እስከ ወለሉ ይሰምጣል፥ ፍሬኑም አይዝም። በሜዳ ላይ ጤነኛ መስሎ የኖረ ፍሬን በሸለቆው ውስጥ የሚከዳው በዚህ ምክንያት ነው። ስለዚህ ሻጩ ዘይቱ መቼ እንደ ተለወጠ በደረሰኝ ካላስረዳ፥ ገዥው ከመጀመሪያው ጉዞ አስቀድሞ ማስለወጥ፥ ከዚያም በየሁለት ዓመቱ መድገም ይገባዋል።

ለ. ራዲያተርና ክዳኑ። በደብረ ማርቆስ ከፍታ በክፍት ማሰሮ ያለ ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። የራዲያተሩ ክዳን ግፊቱን አፍኖ ሲይዝ ግን የውስጡ ውሃ ከ110 ዲግሪ በላይ እስኪደርስ ድረስ አይፈላም። የክዳኑ ጎሚኒ የደረቀ እንደ ሆነ ይህ ጥበቃ ይጠፋል። ከወንዙ ወደ ደጀን በሚወጣበት ጊዜ ሞተሩ እየጋለ ሲሄድ፥ ከፍታው በመጨመሩ የውሃው መፍያ ደግሞ ዝቅ እያለ ይሄዳል። ሁለቱ በተገናኙበት ስፍራ አውቶሞቢሉ ይቆማል፤ ቴስታታውም ሊጣመም ይችላል። የአንድ ክዳን ዋጋ ከቴስታታ ሥራ ዋጋ ጋር የሚወዳደር አይደለም።

ሐ. ጎማ። በጎማው ጎን ላይ ዶት ከሚለው ጽሑፍ መጨረሻ አራት ቁጥሮች ይገኛሉ። ሁለቱ የፊተኞቹ ሳምንቱን፥ ሁለቱ የኋለኞቹ እ.ኤ.አ. የተሠራበትን ዓመት ያመለክታሉ፤ 2319 ቢል በ2019 በ23ኛው ሳምንት ተሠርቷል ማለት ነው። ጥርሱ ያልተበላ ጎማ ዕድሜው ስድስት ዓመት ካለፈ በየጊዜው ሊመረመር፥ አሥር ዓመት ከደረሰ ሊለወጥ ይገባል።

መ. ቺንጋና የውሃ ቱቦዎች። እነዚህ በኪሎ ሜትር ብቻ ሳይሆን በዕድሜም ያረጃሉ። የሞተሩን ቫልቮች የሚያዞረው ቺንጋ በጉዞ ላይ ቢበጠስ፥ በብዙ ሞተሮች ዘንድ ቫልቮቹ ከፒስተኖቹ ጋር ተጋጭተው ሞተሩ ይሰበራል። አንዳንድ ሞተሮች በቺንጋው ፈንታ ሰንሰለት ስላላቸው፥ የሚገዛው ከየትኛው ወገን እንደ ሆነ አስቀድሞ መጠየቅ ብልህነት ነው።

4. የሒሳቡ አሠራር

ለምሳሌ ያህል አንድ ነጋዴ በ800,000 ብር አሮጌ ጉልበታም አውቶሞቢል ገዝቶ በዓመት 12,000 ኪሎ ሜትር ነዳ እንበል። ለመለዋወጫና ለጋራዥ 120,000 ብር፥ ለጎማ 60,000 ብር አወጣ። አውቶሞቢሉ በጋራዥ ስለ ቆመ ለ24 ቀን በቀን 2,500 ብር ሒሳብ ሌላ ተከራየ፤ ይህም 60,000 ብር ነው። ድምሩ 240,000 ብር ሲሆን፥ ከነዳጅ ሌላ ለአንድ ኪሎ ሜትር 20 ብር ይደርሳል።

ጎረቤቱ ደግሞ በ1,300,000 ብር ጉልበቱ አነስተኛ፥ ዕድሜው ግን ያልገፋ አውቶሞቢል ገዝቶ ለዚያው ጉዞ በዓመት 90,000 ብር ቢያወጣ፥ በየዓመቱ የ150,000 ብር ብልጫ ያገኛል። ፊተኛው ሲገዛ ያተረፈው 500,000 ብር እንግዲህ በሦስት ዓመት ከአራት ወር ውስጥ ያልቃል። ከዚያ ወዲያ ያለው ሁሉ ኪሳራ ነው። ቁጥሮቹ ለማስተማሪያ የተወሰዱ ናቸውና እያንዳንዱ የራሱን ማስገባት ይችላል፤ አሠራሩ ግን አይለወጥም።

በዚህ ሒሳብ ውስጥ ብዙ ሰው የሚዘነጋው የቆመበትን ቀን ነው። በደብረ ማርቆስ ያልተገኘ መለዋወጫ ከአዲስ አበባ፥ ብዙውን ጊዜም ከመርካቶ ሶማሌ ተራ እስኪመጣ ይጠበቃል። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ በክልሉ በተነሣው ግጭት መንገዱ በየጊዜው የተዘጋበት ጊዜ ስለ ነበር፥ የአንድ ቀን ጥገና የሳምንታት ጥበቃ ሊሆን እንደሚችል የታየ ነገር ነው። ስለዚህ አስተዋይ ባለቤት አውቶሞቢሉን በገዛበት ቀን በመዝገቡ ላይ የተለየ ሒሳብ ይከፍትለታል፤ በየወሩም ለጥገና የሚሆን ገንዘብ ከሱቁ ገንዘብ ለይቶ ያስቀምጣል።

5. ለዕለት ሥራ ወይስ ለደስታ

አሮጌ አውቶሞቢልን ለዕለት ሥራ ማዋልና ለደስታ መያዝ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ለዕለት ሥራ የሚፈልገው ሰው ባንክ የሚደርስበትና ዕቃ የሚረከብበት ሰዓት አለው፤ አንድ ቀን ቢዘገይ ገበያ ያመልጠዋል። እንዲህ ላለው ሰው ያረጀ ጉልበታም አውቶሞቢል የሚስማማው ሌላ መጓጓዣ በእጁ ሲኖር ብቻ ነው።

ለደስታ የሚይዘው ደግሞ የሚያወጣውን ገንዘብ እንደ ንግድ ሳይሆን እንደ መዝናኛ ቈጥሮ ከትርፉ ላይ ይክፈል እንጂ ከመንቀሳቀሻ ገንዘቡ አይንካ። እርሱም ቢሆን አውቶሞቢሉን አቁሞ ቢተወው አይጠበቅለትም። የቆመ ባትሪ ይደክማል፥ ቤንዚን በወራት ውስጥ ይበላሻል፥ ጎሚኒው ይደርቃል፥ የፍሬኑ ብረት ይዝጋል። ቢያንስ በየሁለት ሳምንቱ ሞተሩ በደንብ እስኪሞቅ ድረስ በመንገድ ላይ ሊነዳ ይገባል።

6. ለአስመጪውና ለባለ ሱቁ

ለመለዋወጫ ነጋዴ በዚህ ጉዳይ ውስጥ እውነተኛ ገበያ አለ። በከተማውና በአካባቢው የሚነዱትን አውቶሞቢሎች ዓይነት፥ የሞተር ዓይነትና የሥራ ዘመን በአንድ ደብተር የመዘገበ ባለ ሱቅ፥ ገንዘቡን በማይሸጥ ዕቃ ላይ አያስርም። ቶሎ የሚሸጡት ካንዴላ፥ የዘይትና የአየር ማጣሪያ፥ የፍሬን ሸራ፥ ቺንጋ፥ የውሃ ቱቦና የራዲያተር ክዳን በመደርደሪያ ሊገኙ ይገባል። የሞተርና የካምቢዮ የውስጥ ክፍሎች ግን ቀብድ ተቀብሎ በትእዛዝ ማስመጣት ይሻላል። ትእዛዙም በአውቶሞቢሉ ስም ብቻ ሳይሆን በሻሲ ቁጥሩ ይሁን፤ አንድ ስም የያዙ አውቶሞቢሎች ሁሉ አንድ ዓይነት መለዋወጫ አይቀበሉምና።

የዕቃው አያያዝም የንግዱ ክፍል ነው። የፍሬን ዘይት ከተከፈተ ጠርሙስ እየቀዳ የሚሸጥ ሰው እርጥበት የጠጣ ዘይት እየሸጠ መሆኑን ይወቅ፤ ትንንሽ የታሸጉ ጠርሙሶች ማስመጣት ይሻላል። ጎማና ቺንጋ ፀሐይ ከማይነካው ስፍራ ይቀመጡ፤ ጎማ በሚረከብበትም ጊዜ የተሠራበት ሳምንትና ዓመት በደረሰኙ ላይ ይጻፍ። አስመስሎ የተሠራ የፍሬን ሸራ ለሻጩ ጥቂት ትርፍ ያስገኝ ይሆናል፤ ሙቀቱን መቻሉ የሚፈተነው ግን ደንበኛው ከነቤተሰቡ ወደ ዓባይ በሚወርድበት ቀን ነው።

በጠቅላላው፥ ያረጀ ጉልበታም አውቶሞቢል መጥፎ ዕቃ ነው ማለት አይደለም። በቅድሚያ ፍሬኑን፥ ማቀዝቀዣውንና ጎማውን መርምሮ የገዛ፥ ሁለተኛውንም ዋጋ በመዝገቡ ላይ ከመጀመሪያው ቀን አንሥቶ የጻፈ ሰው ለብዙ ዘመን ሊገለገልበት ይችላል። ይህን ሳያደርግ የሞተሩን ድምፅ ብቻ ሰምቶ የገዛ ሰው ግን፥ ርካሽ ያለው ዕቃ ውድ መሆኑን የሚያውቀው ገንዘቡን ከከፈለ በኋላ ነው።