አንዱ ኪኒን ሁለት መድኃኒት ሲሆን

ዛሬ ስለ ደም ግፊት መድኃኒት ጥቂት እንነጋገር። «ይሄ የጤና ባለሙያ ሥራ አይደለም ወይ?» የሚል አይጠፋም። ልክ ነው፤ ማዘዝም መለወጥም የሐኪም ሥራ ነው። ይሁን እንጂ ነገ ገጠር ስንመደብ የሰፈሩ ሰው ማሸጊያውን ይዞ መጥቶ «አስተማሪ፣ እስቲ ይሄን አንብብልኝ» ማለቱ የማይቀር ነው። ጽሑፉ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ እንግሊዝኛ ነው። በመሆኑም የምናነበው ነገር ምን ማለት እንደሆነ ማወቅ ይገባናል።

ለምሳሌ «ኢናላፕሪል እና ሃይድሮክሎሮታያዛይድ 20/12.5 ሚ.ግ.» የሚል ማሸጊያ እንውሰድ። የሒሳብ ሠልጣኞች እንዳትሳሳቱ፤ ያቺ ሰያፍ መስመር የማካፈል ምልክት አይደለችም! በአንዲት ፍሬ ውስጥ 20 ሚሊ ግራም ኢናላፕሪልና 12.5 ሚሊ ግራም ሃይድሮክሎሮታያዛይድ አብረው አሉ ማለት ነው።

ሁለቱ የሚሠሩት በየራሳቸው መንገድ ነው። ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ኩላሊት ጨውና ውኃ በሽንት እንዲያስወጣ ያደርጋል። ሰውነት ግን ዝም ብሎ አያይም፤ ጨውና ውኃ ሲቀንስበት አንጂዮቴንሲን የተባለውን የደም ሥር የሚያጠብብ ንጥረ ነገር አብዝቶ ግፊቱን መልሶ ሊያወጣው ይሞክራል። ኢናላፕሪል ደግሞ ይህንኑ ንጥረ ነገር የሚሠራውን ኤንዛይም ያግዳል። በተጨማሪም የመጀመሪያው ፖታሲየምን ከደም ይቀንሳል፣ ሁለተኛው ወደ ላይ ያወጣዋል፤ አብረው ሲሆኑ በመጠኑም ቢሆን ይመዛዘናሉ። አንዱን መድኃኒት እስከ ጥግ ከመጨመር ሁለቱን በትንሽ በትንሹ መስጠት ብዙ ጊዜ የተሻለ ይሠራል። የዓለም የጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2019 እንዲህ ያሉ ጥምር የግፊት ኪኒኖችን በመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝሩ ውስጥ አስገብቷል።

አደጋው ታዲያ የት ላይ ነው? አንድ ሰው መጀመሪያ ኢናላፕሪል ብቻውን ይወስድ ነበር እንበል። ግፊቱ አልወርድ ሲል ሐኪሙ ወደ ጥምሩ ለወጠለት። የድሮው ግን ቤት ውስጥ ተርፏል። «ገንዘብ የወጣበት ነው እኮ፣ እንዴት ይጣላል!» ብሎ ሁለቱንም ይውጣል። ሳያውቀው የኢናላፕሪሉን መጠን ጨመረ ማለት ነው። ግፊቱ ከልክ በላይ ሊወርድ፣ ከመኝታው ሲነሣ አዙሮት ሊጥለው ይችላል፤ ለኩላሊቱም አደጋ ነው። ሰውየው ሞኝ ሆኖ አይደለም። ማሸጊያውም ቀለሙም ስለተለያየ ሌላ መድኃኒት ይመስላል። ፋብሪካው ያወጣው ስም በትልቁ ይጻፋል፤ የመድኃኒቱ ትክክለኛ ስም ከሥሩ በደቃቁ ነው። እኛ ማንበብ ያለብን ደቃቁን ነው።

ብዙ ሰው የማያስበው ሌላው ነገር የወገብና የጉልበት ማስታገሻ ነው። ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን በእነዚህ በሁለቱ ላይ ሲደረቡ ኩላሊትን ክፉኛ ሊጎዱ ይችላሉ፤ ግፊቱንም መልሰው ያወጡታል። ተቅማጥና ትውከት የያዘው ሰውም ውኃው ስለሚያልቅበት ኪኒኑን ይቀጥል ወይስ ለጊዜው ያቁም ብሎ በዚያው ቀን ባለሙያ መጠየቅ አለበት። ጾመኛም ቢሆን፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ወይም እስከ ማታ ውኃ የማይቀምስ ከሆነ፣ ጾሙ ሳይገባ ስለ ሰዓቱ ከሐኪሙ ጋር ይነጋገር እንጂ በገዛ እጁ አይዝለል።

ኢናላፕሪል ፅንስን ይጎዳል። ነፍሰ ጡር የሆነች ወይም ለመፀነስ ያሰበች ሴት ሳትውል ሳታድር ለሐኪሟ ትንገር፤ ሌላ የሚስማማ መድኃኒት አለ። ደረቅ ሳል ከመጣና አልለቅ ካለ ምናልባት ከኪኒኑ ሊሆን ስለሚችል ይነገር። ከንፈር፣ ምላስ ወይም ፊት ካበጠ ግን ቀጠሮ አይጠበቅም፤ ሌላ ፍሬ ሳይውጡ ወዲያው ወደ ሕክምና መሮጥ ነው።

«ደህና ነኝ» ብሎ ማቋረጥስ? ግፊት ብዙውን ጊዜ ሕመሙ አይሰማም፤ ደህና መሆን የሚታወቀው በመለካት ነው። አንድ ቀን የረሳም በማግሥቱ ደርቦ አይውሰድ።

ማሸጊያው ሲመጣልን እንግዲህ ሁለቱንም ስሞች ጮክ ብለን እናንብብ፤ በላዩ ላይ በአማርኛ «የግፊት፣ ሁለት መድኃኒት በአንድ» ብለን በጉልህ እንጻፍ። ከዚያ «እማማ፣ ሌላ የሚወስዱት ኪኒን አለ?» ብለን እንጠይቅ። «ኧረ ምንም የለኝ ልጄ» ሊሉ ይችላሉ። የወገቡን ማስታገሻ ብዙዎች ከመድኃኒት አይቆጥሩትም። ስለዚህ «የወገብስ? የድሮው የግፊትስ?» ማለት ያስፈልጋል። አለ ካሉ፣ የትኛው ይቅር የትኛው ይቀጥል የሚለውን እኛ አንወስንም። ከትራስ ሥርም ከሣጥንም ያለውን ሁሉ በአንድ ፌስታል አድርገው፣ አዲሱን ከመዋጣቸው በፊት ወደ ጤና ጣቢያው ይዘው ይሂዱ።