ኮአርተምና የፎገራ ወተት

ጥያቄ፦ የወረታ ልጅ ነኝ፤ ፋርማሲ እማራለሁ። ክረምቱ ወጥቶ የፎገራ ሜዳ ውኃ ሲቋጥር ወባ ይበረታል። የወባ መድኃኒቱ ኮአርተም ሲሰጥ «ምግብ በልታችሁ ዋጡ» ይባላል። ጨጓራ እንዳይነካ ነው?

መልስ፦ እህቴ፣ ዋናው ምክንያት ጨጓራ አይደለም። አንዷ ክኒን 20 ሚሊግራም አርቴሜተርና 120 ሚሊግራም ሉሜፋንትሪን ይዛለች። ሉሜፋንትሪን በውኃ እምብዛም አይሟሟም፤ ቅባት ይፈልጋል። ቅባት ሲበላ ሐሞት ወደ አንጀት ይፈስና መድኃኒቱ እንዲሟሟ ይረዳዋል። በጤነኞች ላይ ሲለካ፣ ቅባት ከበዛበት ምግብ ጋር ሲወሰድ ወደ ደም የሚገባው መጠን በባዶ ሆድ ከሚገባው እስከ 16 እጥፍ ደርሷል። ይህን ያህል ልዩነት ሕይወት ነው!

የፎገራ ላም ደግሞ በወተቷ የታወቀች ናት፤ አንድ ብርጭቆ ወተት ይረዳል። ታማሚው ጿሚ ከሆነስ? መጠየቁን አትርሺ፤ ዘይት ያለው ወጥ ወይም ለውዝ ምከሪው። ትኩሳት የምግብ ፍላጎት ቢዘጋበትም መድኃኒቱን አይዝለል።

አርቴሜተር ተውሳኩን ፈጥኖ ይመታል፤ በሰዓታት ውስጥ ግን ከደም ይወጣል። ሉሜፋንትሪን ለቀናት ቆይቶ የተረፈውን ይለቅማል። ትኩሳቱ በማግስቱ የለቀቀውና ወደ ሩዝ ማሳው የሚቸኩለው ገበሬ ቀሪውን ለሌላ ጊዜ ማስቀመጥ ይቃጣዋል። ቁጭ አድርገሽ አስረጂው፦ ለአዋቂ በ3 ቀን 24 ፍሬ፣ በአንድ ጊዜ 4፤ ሁለተኛው ከመጀመሪያው 8 ሰዓት በኋላ፣ ከዚያ ጠዋትና ማታ።