በማሸጊያው ላይ ያልተጻፈው አደጋ፦ ስውር አለርጂ አምጪዎችና ጥንቃቄያቸው

የምግብ አለርጂ ያለበት ሰው ምግብ ሲገዛ የሚታመነው በማሸጊያው ጀርባ በደቃቅ ፊደል የታተመውን የይዘት ዝርዝር ነው። ዝርዝሩ አንዲት ቃል ከጎደለው ግን አንብቦ የገዛውም ሳያነብ የገዛውም እኩል ለአደጋ ይጋለጣሉ። በአሜሪካ ምግብ ከገበያ እንዲሰበሰብ ከሚያደርጉ ቀዳሚ ምክንያቶች አንዱ በማሸጊያው ላይ ሳይገለጽ የቀረ አለርጂ አምጪ ነው። ስለዚህ ጽሑፍ ማንበብ የግድ ቢሆንም ብቻውን አይበቃም፤ ስሕተቱ ከየት እንደሚመነጭ ማወቅም ያስፈልጋል።

ሰውነት ለምን ይቈጣል?

የምግብ አለርጂ የሚከሠተው የሰውነት በሽታ የመከላከል ሥርዓት በምግብ ውስጥ ያለን ጉዳት አልባ ፕሮቲን እንደ ወራሪ ቈጥሮ ሲዋጋው ነው። የቆዳ ሽፍታና ማሳከክ፣ የከንፈርና የምላስ እብጠት፣ ማስታወክና የትንፋሽ ማጠር ምልክቶቹ ናቸው። ሲበረታ የአየር ቧንቧ ይጠባል፣ የደም ግፊትም ያሽቈለቍላል። ሐኪሞች አናፊላክሲስ የሚሉት ይህ ሁኔታ በአጭር ጊዜ ውስጥ ለሞት ሊያበቃ ይችላል። ለአንዳንድ ሰዎች እጅግ ጥቂት መጠን ይበቃል፤ ምግቡን መቀቀል ወይም መጥበስም አስተማማኝ መከላከያ አይሆንም።

ስሕተቱ ከየት ይመጣል?

የመጀመሪያው ምንጭ የማሸጊያ መለዋወጥ ነው፦ ምግቡ ሌላ፣ የተለጠፈበት ጽሑፍ ሌላ ይሆናል። ሁለተኛው በጋራ መሣሪያ መጠቀም ነው። ስንዴ ከተፈጨ በኋላ በዚያው ወፍጮ ሽሮ ቢፈጭ የስንዴው ትርፍራፊ ከሽሮው ጋር እንደሚወጣ ሁሉ፣ በፋብሪካም እንዲሁ ነው። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ወተት በይዘታቸው ውስጥ ያልተጠቀሰባቸውን 88 የጥቁር ቸኮሌት ምርቶች መርምሮ በ51ዱ ውስጥ ወተት አግኝቷል። የጾም ነው ብሎ ጥቁር ቸኮሌት ለሚገዛ የወተት አለርጂ ላለበት ሰው ይህ ከጾም ጉዳይ ያለፈ ነገር ነው።

ሦስተኛው ምንጭ ከአቅራቢው አብሮ የሚመጣ ጥሬ ዕቃ ነው። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ከ2014 መጨረሻ ጀምሮ በአሜሪካ በተፈጨ ከሙን ውስጥ የኦቾሎኒ ፕሮቲን በመገኘቱ፣ ከሙኑ የገባባቸው በርካታ ምርቶች ከገበያ ተሰበሰቡ። መሥሪያ ቤቱም በ2015 ብርቱ የኦቾሎኒ አለርጂ ያለባቸው ሰዎች የተፈጨ ከሙን ካለባቸው ምግቦች እንዲታቀቡ መከረ። አንድ ቅመም በብዙ ምግቦች ውስጥ ስለሚገባ የአንድ አቅራቢ ጉድለት ብዙ መደርደሪያዎችን ያዳርሳል።

ሕጉ እንደየአገሩ ነው

በአሜሪካ ሕግ በግልጽ እንዲጻፉ የሚገደዱት ዘጠኝ ናቸው፦ ወተት፣ እንቁላል፣ ዓሣ፣ እንደ ሽሪምፕና ሸርጣን ያሉ ቅርፊት ለባሽ የውኃ እንስሳት፣ ኦቾሎኒ፣ እንደ አልሞንድና ካሹ ያሉ የዛፍ ፍሬዎች፣ ስንዴ፣ አኩሪ አተርና ሰሊጥ። ሰሊጥ ወደ ዝርዝሩ የገባው ከጥር 2023 ጀምሮ ነው። የአውሮፓ ኅብረት ግን 14 ዓይነቶችን ያስገድዳል፤ በአሜሪካው ዝርዝር የሌሉት ሰናፍጭ፣ ግብጦና ገብስ በዚያ አሉ። ስለዚህ ጤፍ ከገብስ ጋር ተቀላቅሎ የተጋገረ እንጀራ በአንዱ አገር የአለርጂ ማስጠንቀቂያ የሚጠይቅ ሲሆን በሌላው ላይጠይቅ ይችላል። ግብጦም የኦቾሎኒ አለርጂ ባለባቸው አንዳንድ ሰዎች ላይ ተመሳሳይ ምላሽ ስለሚቀሰቅስ ጥንቃቄ ያሻዋል።

በ2016 አንዲት የ15 ዓመት ብሪታንያዊት ልጅ፣ ሊጡ ውስጥ ሰሊጥ የነበረበት ነገር ግን በማሸጊያው ላይ ያልተገለጸ ሳንድዊች በልታ ሕይወቷ አለፈ። በስሟ «የናታሻ ሕግ» የተባለው ደንብ ከጥቅምት 2021 ጀምሮ በእንግሊዝ ሱቆች ውስጥ ተዘጋጅተው ለሽያጭ የሚታሸጉ ምግቦች ሙሉ የይዘት ዝርዝር እንዲኖራቸው አስገድዷል።

ጽሑፍ የሌለው ምግብ

ከአገር ቤት በሻንጣ የሚመጣ በርበሬና ሽሮ፣ በየማኅበሩና በየድግሱ የሚቀርብ ወጥ ጽሑፍ የለውም። እዚህ ላይ ቋንቋችንም ያሳስታል፦ «ለውዝ» ስንል አንዳንዱ ኦቾሎኒን፣ ሌላው አልሞንድን ይረዳል። ሁለቱ በአለርጂ ረገድ የተለያዩ ናቸውና «ኦቾሎኒ አለው? አልሞንድስ? ሰሊጥስ?» ብሎ አንድ በአንድ መጠየቅ ይገባል። ባለሙያዋም «ምንም የለውም» ከማለት ይልቅ የገባውን ሁሉ ብትዘረዝር ይሻላል፤ የጾም የመሰለው ወጥ በንጥር ቅቤ ማንኪያ ተማስሎ ሊሆን ይችላልና።

ምን እናድርግ?

• አዘውትረን የምንገዛውን ምግብ ጽሑፍ እንኳ በየጊዜው እናንብብ፤ አምራቾች አሠራራቸውን ይለውጣሉ።

• «ሊኖረው ይችላል» የሚለው ማስጠንቀቂያ በአሜሪካ በአምራቹ ፈቃድ የሚጻፍ እንጂ በሕግ የተገደደ አይደለም። አለመኖሩን እንደ ዋስትና አንቍጠረው።

• የምንኖርበት አገር የምግብ ተቈጣጣሪ ከገበያ የሚሰበሰቡ ምርቶችን ሲያሳውቅ እንከታተል፤ የማሸጊያውን መለያ ቍጥር ከማስታወቂያው ጋር እናስተያይ።

• ቋንቋውን ለማናነብበት አገር፣ የሚጎዳንን ምግብ ስም በዚያው አገር ፊደል አስጽፈን በቦርሳችን እንያዝ።

• ሐኪም ኤፒኔፍሪን ያዘዘለት ሰው መርፌውን ከእጁ አይለይ። ብርቱ ምልክት ሲታይ ሳይዘገዩ መወጋት፣ ወዲያውም በአሜሪካ 911፣ በአውሮፓ ኅብረት አገሮች 112 መደወል ያስፈልጋል። የማሳከክ ክኒን ኤፒኔፍሪንን አይተካም።

• ሕመም ከተከሠተ ማሸጊያውን አንጣል፤ ለሐኪምም ለተቈጣጣሪውም ማስረጃ ነው። አንድ ሰው ያቀረበው ጥቆማ ያው ምርት ሌላ ቤት እንዳይገባ ሊያደርግ ይችላል።